የድልድዩን አግዳሚ ከእኛ ለጠበቁልን ኃላፊ

ለተከበሩ የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎም ቤተሰብዎም ደኅና እንድትሆኑ፣ ከማዕዳችሁም ሰው እንዳይጎድል ከልብ እመኛለሁ፤ የዚህን ምኞት ዋጋ ሰሞኑን በደንብ ስለተማርኩ ለወግ ያህል የተጻፈ አድርገው እንዳይወስዱብኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ከወንዙ ወዲህ፣ ያገባሁት ከወንዙ ወዲያ ነው፤ ሁለቱ ሰፈሮች በተጣሉ ቁጥር የምገባበት ጠፍቶኝ መሐል ላይ የምቀር ሰው ነኝ። አሮጌውን የድንጋይ ድልድይ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ዕድሜውንና የኖራውን ዓይነት በሰሌዳ አስጽፈው አቁመዋልና። ቦታ ስላልበቃ ይመስለኛል፣ ከሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ቀርቷል። አያቶቻችን በውኃ ተጣልተው ደም ከተፋሰሱ በኋላ ድልድዩን አብረው ሲሠሩ፣ መሐሉ ላይ አግዳሚ ያበጁለት የተጣላ ሰው እንዲቀመጥበት ነበር። የተለየ ሥርዓት አልነበረውም። የተቀያየሙት ከወዲህም ከወዲያም መጥተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ይቆረቁራል፤ ብዙም ሳይቆዩ ይስማማሉ። አናጢው አባቴ «ያ ድንጋይ መቀመጫን እያሳመመ ልብን ያለሰልሳል» ይሉ ነበር። የእኔ ጋብቻ ራሱ እልባት ያገኘው እዚያ ነው። «ልጄን ወዲያ ማዶ አልሰድም» ብለው የነበሩት አባቴና የባለቤቴ አባት ጋሽ ሹፌሩ አብረው ተቀምጠው፣ ወገባቸውን ይዘው እየሳቁ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ እንደ ወንድማማች ኖረዋል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ድልድዩን በብረት አጥር አሳጥረው፣ በሁለቱም ጫፍ በር አስቆልፈው «መቀመጥም ሆነ መደገፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብለው ስላስጻፉበት አመሰግናለሁ። ለአጥሩ መሠረት ሲቆፈር የወጣውንም ድንጋይ ማንም ሳያነሣው በወዲህም በወዲያም ጫፍ እኩል አስከምረው ትተውልናል። በአድልዎ የሚከስዎ ቢኖር ምስክርዎ እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፤ ሽማግሌዎቻችንን በትሕትና ስላስተናገዱ አመሰግናለሁ። ሚኒባስ ተራ ላይ የእኛ ሰፈር ጎረምሳ የወዲያ ማዶውን ልጅ ክንድ የሰበረ ጊዜ፣ ነገሩ ሳይከር አባቴና ጋሽ ሹፌሩ ተያይዘው ቢሮዎ ድረስ መጡ። ወንበር ስበው አስቀመጧቸው።

«ልጆቻችንን እዚያ እናስቀምጣቸው፤ ለአንድ ከሰዓት ብቻ ይክፈቱልን» አሉ አባቴ።

«አባት፣ ይህ የትውልድ ሀብት ነው። ሰው እየተቀመጠበት ካለቀ ለመጪው ትውልድ ምን እናወርሳለን?» አሏቸው።

ጋሽ ሹፌሩም «ጌታዬ፣ መጪው ትውልድ እኮ ድንጋይ ይዞ ውጭ ቆሟል» አሉ።

እርስዎ ሳቁ። ቀልድ ስለሚወዱ አልቀየምዎትም። ይልቁንም «ታሪክና የባህል ቅርስ ግጭትን በመፍታት ረገድ ያላቸው ሚና» በሚል ርዕስ ባዘጋጁት ሥልጠና ላይ እንዲገኙ ጋበዟቸው፤ የመክፈቱ ጉዳይ በመጨረሻ ውይይት ይደረግበታል ስላሏቸው እሺ ብለው ሄዱ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ የሥልጠናውን ዕለት ይመለከታል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አዳራሽ ውስጥ በተቀመጡባት ዕለት ጎረምሶቹ በድልድዩ ሁለት ጫፍ ተሰለፉ። እኔ አባቴ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ተሳታፊዎች ስልክ እንዲያጠፉ ስለታዘዘ አይሠራም ነበር። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ያን ሰዓት ግድግዳው ላይ የአግዳሚያችንን ፎቶ በትልቁ እያሳዩ ነበር።

ወንድሜ ጎሚስታ ቤት ነበረው። የፈታውን ጎማ እንደተፈታ ትቶ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ድልድዩ ሲሮጥ ከወዲህ ማዶ ባለው ሱቄ በር አለፈ። «አትሂድ፣ በእናትህ!» ብዬ እጁን ያዝኩት።

«እህቴ፣ እነዚያ እኮ ደንበኞቼ ናቸው። እነሱ ከተጎዱ ማን ጎማ ሊያስጠግን ይመጣል?» አለኝና ግሪሱን ቀሚሴ ላይ ጠርጎ ሄደ።

ከተቆለፈው በር ፊት ቆሞ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ አንዴ ወደ እኛዎቹ አንዴ ወደ እነዚያ እየዞረ ሲለምን አየሁት። ድንጋዩ ጆሮ ግንዱን ሲመታው ከፊት ይምጣ ከኋላ፣ ከወዲያ ይወርወር ከወዲህ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስደርስ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር፤ በስሜ ግን አልጠራኝም። አግዳሚው ላይ አንድ ጭረት አልደረሰም፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

አዲሱ የመኪና ድልድይም በፖሊስ ስለተዘጋ ባለቤቴ ልጆቻችንን ይዞ ወዲያ ማዶ ቀረ፤ ወንድሜን ያለ እሱ ቀበርኩት። አባቴ እህልም ቃልም አፋቸው አልገባ አልወጣ አለ። በማግሥቱ ጋሽ ሹፌሩ በዚያ ዕድሜያቸው ወንዙን በእግራቸው አቋርጠው፣ እስከ ወገባቸው ርሰው ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ከዘመዶቻችን አንዱ «ማን ጠራዎት?» ብሎ ብድግ አለ። አባቴ ቀና ሳይሉ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉና ቦታ ለቀቁላቸው።

«ሱሪህ ረጥቧል» አሉ። ከቀብር ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

«ይደርቃል» አሉ ጋሽ ሹፌሩ፤ ከዚያ ሁለቱም አብረው አለቀሱ።

ይህን የሰሙት ሠራተኞችዎ ካሜራ ይዘው መጥተው፣ የድልድዩን በር ከፍተው፣ ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ ተቃቅፈው ለጽሕፈት ቤትዎ መጽሔት ፎቶ እንዲነሡ በአክብሮት ጠየቁ። አባቴ «ልጄ በሕይወት ሳለ የት ነበር ቁልፉ?» አሉ። ሠራተኞችዎ በሩን መልሰው ቆልፈው ሄዱ።

የአባቴና የጋሽ ሹፌሩ ዕርቅ ለሁለቱ ብቻ ነው። ጎረምሶቹ ዛሬም አይነጋገሩም፤ ልጆቼ አያታቸውን የሚያዩት ፖሊስ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ፦ ይክፈቱት። ልጆቹ ይቀመጡበት። ይለቅ፣ ይሸረፍ፣ ሰው እየተቀመጠበት ይለቅ። ድንጋይ ሌላ ይጠረባል።

በፈረሰው ሰፈራችን መካከል አንዲት ጭረት ሳትነካው ለቆመው ቅርስ ጠባቂ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የወዲህ ማዶ ልጅ፣ የወዲያ ማዶ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ከጽሕፈት ቤትዎ በወንድሜ ስም የተላከው የምስክር ወረቀት ትናንት ደርሶናል። የወጣቶች ተወካይ ተብሎ መመዝገቡን አላወቅንም ነበር። «ሥልጠናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በንቃት ተከታትሏል» ይላል። ምነው እውነት በሆነ!