ንብ ያገድኩበት የካቲት

የካቲት 3
ጓሮ ወጥቼ ቀፎውን አዳመጥኩ። አሉ፤ ድምፃቸውም ደህና ነው። አብረን ከሠለጠንነው ሰባት ሴቶች ንብ የቀረላት እኔ ብቻ ነኝ። የሌሎቹ ታኅሣሥ ላይ ኮብልለዋል። የኔዎቹ ምን ጎድሎባቸው ይሄዳሉ? ጠዋት ማታ ስኳር በጥብጬ አቀርባለሁ። እኔ ሻዬን መራራ እየጠጣሁ...

የካቲት 4
ቀፎውን ከሰጠን ድርጅት አሠልጣኛችን ጆይስ መጣች። ገና ከቦዳቦዳ ሞተሩ ሳትወርድ፣ «ማማ ወርቄ፣ የንግሥት ማገጃው በቦታው ነው?»
አሳየኋት። በታችኛውና በላይኛው ሳጥን መካከል ነው። ወንፊት የመሰለ ሽቦ። ሠራተኞቹ ያልፋሉ፤ ንግሥቲቱ ትልቅ ስለሆነች አታልፍም፤ ማሩ ውስጥ እንቁላል አትጥልም። ሦስት ቀን ሙሉ ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ማሩስ የታለ? «ዝናብ ሲመጣ» አለች። ዝናብን እንደኛ ለስብሰባ የሚጠሩት ይመስላቸዋል።
ስትሄድ ደግሞ፣ «ንግሥቲቱ እንቁላል አቁማለች። ሊሄዱ ነው መሰለኝ።» እንደ ቀልድ ተናግራው ሄደች።

የካቲት 5
ሊሄዱ? የበሉበትን ወጪት ሰባሪዎች።
ቀኑን ሙሉ ሳብሰለስል ዋልኩ። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። ሽቦው በሳጥኖቹ መካከል ካገዳት፣ በር ላይ ለምን አያግዳትም? አወጣሁት። በቆርቆሮ መቀስ ቆርጬ የቀፎው መግቢያ ላይ በሚስማር መታሁት። ሠራተኞቹ ይውጡ፣ ይግቡ። እሷ ትቀመጣለች። ያለ እናታቸው የት ይደርሳሉ?
ጆይስ ይህን አላስተማረችንም። ራሴ ነኝ ያሰብኩት።

የካቲት 9
ሠርቷል። ረፋዱ ላይ ግልብጥ ብለው ወጡ። ኒም ዛፏ ላይ ተንጠለጠሉ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቋት... ተመለሱ። ብቻዬን ሳቅኩ። ጎረቤቴ ኦቦ ሁቃ በአጥር ላይ ያይ ነበር። እሱ አልሳቀም።

የካቲት 11
ዛሬም ወጥተው ተመለሱ። ኦቦ ሁቃ መጣ።
«አንቺ ወርቄ፣ ምን አድርገሽ ነው የሚመለሱት?»
ሽቦውን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።
«ቦና ነው፣ በጋው። ታች ጎልቦ፣ ቆላው በኩል ግራሩ አበባ ይዟል፣ ልጄ ደውሎ ነግሮኛል። ከብቶቼም ወደዚያው ወርደዋል። ንብም እንደ ከብት ነው፤ ይሄዳል፣ ሲዘንብ ይመጣል።»
«ስኳር እሰጣቸዋለሁ» አልኩት።
«አንቺስ ያኔ ከድንበሩ ማዶ ስትሸሺ በሩን ቢዘጉብሽ ኖሮ?»
ደሜ ፈላ። ሰውን ከነፍሳት ጋር... ሃያ ዓመት የተጎራበትኩት ሰው። እስከ በር እንኳ አልሸኘሁትም።

የካቲት 12
አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። እኔ ስሸሽ ማን ስኳር በጥብጦልኝ ነበር?

የካቲት 14
ከሽቦው ጀርባ የሞቱ ድንጉላዎች፣ ወንዶቹ ንቦች፣ ተቆልለዋል። እነሱም ወፍራሞች ናቸው፤ ማለፍ አቅቷቸው። ጉንዳን እየጎተተ ያወጣቸዋል።
ለጆይስ ደውዬ ሽቦውን የት እንዳደረግኩት ነገርኳት። «ሃፓና፣ አይሆንም ማማ! ስንት ቀን ሆነው?» ዘጠኝ አልኳት። «አውጪው፣ ሁሉም ያልቃሉ።» ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም? «ማንም በር ላይ ያደርገዋል ብለን አላሰብንም።» አላሰቡም። እኔ ማሰቤ ነው ጥፋቱ...
ቀፎውን ከፈትኩ። እጭ የለም፣ ማር የለም። ስኳሩ እንዳቀረብኩት አለ። አልነኩትም። ስንት ቀን ነው እንዲህ የተዉት?
ንግሥቲቱን አየኋት። ከስታለች። ባዶው ሰፈፍ ላይ ወደ በሩ ትሮጣለች፣ ጭንቅላቷን ሽቦው መሃል ትሰካለች፣ ትመለሳለች። ደግሞ ትሮጣለች። ማየት አቃተኝ።
ሚስማሮቹን ነቀልኩ። አፈርኩ። በሌላ በማንም አይደለም፣ በራሴ።

የካቲት 15
አራት ሰዓት ላይ ወጡ። መንጋው አንሷል፤ ኒሟ ላይ የጭብጥ ያህል ነው። ኦቦ ሁቃን ጠራሁት። ይቅርታ አላልኩትም፣ እሱም አልጠበቀም። ጎን ለጎን ቆመን አየን። ተነሱ፤ በጣራዎቹ ላይ አልፈው ቁልቁል ወደ ጎልቦ።
አለቀስኩ። ይህን ሁሉ ደክሜ አንዴ እንኳ ዞር አላሉም።
«ይደርሳሉ?» አልኩት።
«እንጃ። ዘግይተዋል» አለ።

የካቲት 21
ጆይስ ቅጽ ይዛ መጣች። በየቀፎው ትይዩ ሁለት ሳጥን አለ፤ «አለ» እና «ሞተ»። የስድስቱ ሴቶች ቀፎ ሁሉ «ሞተ» ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ወደኔ መስመር እስክሪብቶዋን ስታወርድ እጇን ያዝኩ።
«አልሞቱም።»
«ማማ፣ ሌላ ሳጥን የለውም።»
ሳጥን ስለሌለው ይሙቱ? እስክሪብቶውን ወሰድኩባት። ከላይ ጀምሬ በሰባቱም ስም ጎን፣ በሕዳጉ ላይ፣ በአማርኛ «ሄደዋል» ብዬ ጻፍኩ።
«ናይሮቢ ያሉት አለቆች ይህን አይቀበሉትም» አለች።
አይቀበሉት። ሳልፈርም መለስኩላት።