ከአንድ እስከ አስር ምን ያህል ደስተኛ ነዎት?

ሰኞ፣ ረፋድ
ሰባተኛ ጥሪ፣ ሰባተኛ ተመስገን። ሰለቸኝ፣ ማስታወሻዬ። ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ፣ ያለው የጥናት መ/ቤት እዚህ በስደት የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያንን በስልክ የሚያስጠይቀው በእኔ ብቻ ነው። ከአንድ እስከ አስር ምን ያህል ደስተኛ ነዎት? ቁጥር የሚናገር የለም። ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ። ደንቡ ቁጥሩን ራሳቸው ይናገሩ ይላል። እኔ ሁሉንም አስር እሞላለሁ። አንዱ አባት ሚስታቸውን ከቀበሩ ወር አልሞላቸውም፤ ተመስገን አሉ፣ አስር ሞላሁላቸው። ሳቄም መጣ። ጭካኔ ነው? ይሁና።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት
ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠይቀው ክፍል። ያምኑታል? አውሮራ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት የልጅ ልጄን አሰነፈብኝ አሉ። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ደግሞ ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና አይተዋል። ቢያንስ ከተሳፋሪ ጋር አይጣላም አሉ። እሳቸው ስንቱን ሰድበው እንዳወረዱ ከተማው ያውቃል።

ሐሙስ
ሊንዳ፣ አለቃዬ፣ ጠራችኝ። አማርኛ የሚናገር ማሽን መጥቷል። የተማረው ከእኔው የስልክ ጥሪ የድምፅ ቅጂዎች ነው። ሁለት ሳምንት እሱ ይደውላል፤ እኔ ቅጂውን እያዳመጥኩ የመዘገበውን መልስ ትክክል ወይም ስህተት እላለሁ። ስህተቱ ከበዛ ሥራዬ ይቀጥላል። ካልበዛ ደህና ሁኚ። መታነቂያዬን ራሴ ገምጄ ሰጠኋቸው። ድምፁን ሰማሁት። የሴት ድምፅ፣ ትሑት። እርስዎ ማለት ከእኔ የበለጠ ያውቅበታል። ጠላሁት።

ሰኞ፣ ጠዋት
ጉድ ፈላ። ለማሽኑ ቁጥር ይናገራሉ! አራት። ሦስት። አምስት። ለእኔ ተመስገን ሲሉኝ የነበሩት ሁሉ። አንዷ እናት መጀመሪያ ሰው ነሽ ወይስ ማሽን ብለው አጣሩ። ማሽን ነኝ ሲላቸው እፎይ አሉ፤ እንግዲያው ወሬ አታመላልሺም ብለው የሆዳቸውን ዘረገፉት። እኔ ስደውልማ የማን ልጅ እንደሆንኩና የት እንደምሳለም ነበር የሚጠይቁኝ። ይሉኝታ ለካ ለሰው ብቻ ነው። እስካሁን በሐቅ ፈርጃለሁ፤ ትክክል፣ ትክክል፣ ትክክል። እንጀራዬን በገዛ እጄ እየቆረስኩ ለማሽን።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት
ቅጂው ስም የለውም። ሳሏን ግን አውቀዋለሁ። እማዬ ናት።

አንድ ቤት ነው የምንኖረው። የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ አታውቅም። ሁለት አለች። ለምን ሲላት፣ ልጄ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት እንዴት ነዎት ስትል ትውላለች፣ ቤት ስትገባ በሯን ትዘጋለች፣ ከኔ ጋር ቃል አትለዋወጥም አለች። ከዚያ መረቀችው። ማሽኑን! ውለጂ ክበጂ አለችው። እኔን መቼ እንደመረቀችኝ አላስታውስም።

ሦስቴ አዳመጥኩት። አፈርኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ንዴቱ ይሻላል።

ያው ረቡዕ፣ 8 ሰዓት
ምሳ አልበላሁም። ትክክል ካልኩ ሊንዳ ታየዋለች፣ ማሽኑም ቦታዬን ይወስዳል። እማዬ ያለችው ደግሞ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

ስህተት የሚለውን ነካሁት። ምክንያት የሚል ሣጥን ተከፈተ። ጻፍኩ፦ ተጠያቂዋ አእምሯቸው ደክሟል፤ ስለ ልጃቸው የሚናገሩት አይታመንም፤ ዳግም አይደወልላቸው።

ላክሁት።