ሳይደውሉ የመጡ ተመልካቾች

ተሼዬ፣ የኔ ጌታ፣ ካለህበት ይድረስህ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ለሙት ዓመትህ ቄሱን አነጋግሬያለሁ፤ አዳራሹንም ጋሽ በላይነህ ይዘውልኛል። ስለ ጤናዬ ብትጠይቅ ጉልበቴ እንደዚያው ነው፣ ፍርሃቴ ግን ብሶበታል። "ወርቄ፣ አንቺ እኮ የራስሽን ጥላ ትፈሪያለሽ" እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ኧረ ተወኝ! ያኔ ቢያንስ ከጥላዬ ጋር ስጣላ የምትገላግለኝ አንተ ነበርክ።

ቤቱ እንደተውከው ነው ማለት ይቻላል። ታች ያለው ዳቦ ቤት ተዘግቶ የጥፍር ማሳመሪያ ሆነ፤ ስንት ዓመት በዳቦ ሽታ የነቃንበት ቤት አሁን ቀለም ቀለም ይሸታል። ያንተ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። እኔ አልከለከልኩም፣ ሰዉ ራሱ አልፎት ይሄዳል። ማታ በሩን ሁለቴ እቆልፋለሁ፣ ከዚያ ተነሥቼ መቆለፌን አያለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሳየው ከፍቼው እንደሆነስ ብዬ እንደገና እነሣለሁ።

ትልቁን ዜና አዘገየሁት። ልጃችን ሜሮን ነፍሰ ጡር ናት፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ይህን ሳትሰማ መሄድህ እንዴት እንደሚያንገበግበኝ! የደም ግፊቷ ከፍ ስላለ ሐኪሙ ጋደም በይ ብሏታል። ሃምቡርግ ልምጣ ብላት፣ ማማ አንቺ ከመጣሽማ ግፊቴ ይብስብኛል፣ ለወሊዱ ትመጫለሽ ብላ ሳቀችብኝ። ያንተ ልጅ አይደለች! እኔ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ክው እላለሁ። ዝም ሲልማ አይጣል ነው።

አሁን ወደምጽፍልህ ነገር ልምጣ። የጥርስ ሐኪሟ ተመልሳለች! ያቺ ጡረታ የወጣች እንግሊዛዊት፣ በብስክሌቷ ሰፈር ለሰፈር እየዞረች፣ የሰው አፍ አይታ ነፍሰ ገዳይ የምትይዘው። አዲሱ ሽታፈል፣ የተከታታይ ፊልሟ አዲሱ ምዕራፍ፣ ባለፈው እሁድ ከዜና በኋላ ጀመረ። ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ስናይ "የሚቀጥለውን እንግዲህ እግዜር ያውቃል" ብለህ ነበር። ስለ ፕሮግራሙ ያወራህ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ፊልም ያንተን ያህል የተናደደ፣ ግን ደግሞ ያንተን ያህል አንዲት እሁድ ሳያመልጠው ያየ ሰው አላውቅም። አንዱ ጽጌረዳ መሐል ተደፍቶ ይገኛል፣ ጎረቤቱ ኬክ ይቆርሳል። ለቅሶ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ደረት የሚመታ የለ። አንተን ከሁሉ የሚያበግንህ ግን የመርዶው ነገር ነበር። ፖሊሱ፣ ያ ወፍራሙ የሐኪሟ የእህት ልጅ፣ በር ያንኳኳና ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ "ባለቤትዎ ሞተዋል" ይላል። ሴትዮዋም ሻይ ይጠጡ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ያኔ ከወንበርህ ትነሣና ትጮኽበታለህ፦ አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ አስቀምጣት እንጂ! ዘመድ የላትም? ሽማግሌ ይዘህ አትመጣም? አስቀምጣት!

እኔ ደግሞ የምወደው ለዚያው ነበር። ሟች ሞልቶ ሐዘንተኛ የሌለበት አገር፣ እንዴት ያለ እረፍት ነው! ገዳዩንም ሁልጊዜ ካንተ ቀድሜ አውቀው ነበር፤ አትካደኝ። አብረውን የሚያዩ ወዳጆቻችንም የየራሳቸው አስተያየት ነበራቸው። ጋሽ በላይነህ ዕድራችንን በጥብቅ ሥርዓት ስለሚመሩ ነው መሰለኝ፣ አክስቱ ካልነገረችው የማያውቅ ፖሊስ ዛሬውኑ ይባረር ይላሉ። ፀሐይ በሞት መሳቅ ኃጢአት ነው እያለች ከግሪስሃይም የጸሎት አዳራሽ ወጥታ ፊልሙ ሳይጀምር ለመድረስ ትሮጣለች። ሐዳስ በዚያ በትግርኛ ቃናዋ፣ አትክልቱ ነው የሚያምረኝ፣ ሬሳውን ቢያነሡልኝ ትላለች። ሜሮን ደግሞ "ፓይንሊሽ" ብላ ክፍሏ ትገባ ነበር፤ አሳፈራችሁኝ ማለቷ ነው።

አባባ ያረፉ ሰሞን የነበረውን እሁድ ታስታውሳለህ? እኔማ እንዴት እረሳዋለሁ። አንተ ከዓርብ ጀምረህ ሰምተሃል። ሽማግሌዎቹ ሰኞ ጠዋት ሊያረዱኝ ተስማምተዋል፣ እስከዚያ አንድ ምሽት ትተኛ፣ አንድ ራት ትብላ ተባብላችሁ። እሁድ አጠገቤ ቁጭ ብለህ የጥርስ ሐኪሟን አየን። ያን ዕለት እንደሳቅከው ስቀህ አታውቅም፤ እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ። "ብይ እንጂ ወርቄ፣ አንዴ ጨምሪ" እያልክ ሳህኔን ሞላህልኝ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተደወለ። ጋሽ በላይነህ ከፊት፣ ሰዉ ከኋላ፣ ሁሉም ዝም ያለ። እጄን ይዘው "ክፈቺ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ ልጄ" ሲሉኝ ነው ነገሩ የገባኝ። አልተቀየምኩህም፣ ወጉ ነው፣ እኔም ለሌላ ሰው እንዲሁ አድርጌያለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ የሰው ሳቅ አላምንም።

እንግዲህ ባለፈው እሁድ የሆነውን ስማ። ሜሮን እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ትደውላለች። አልደወለችም። ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ባሏ ሥራ ላይ ነው፣ ስልክ አይፈቅዱለትም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት፣ ድምፁን አጠፋሁት፣ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዜናው ሊያልቅ ሲል በሩ ተደወለ።

ታውቃለህ፣ እዚህ አገር ሐበሻ እንኳ ሳይደውል አይመጣም። እኅትና ወንድም ለመጠያየቅ ቀጠሮ፣ ቴርሚን፣ የምንሰጣጥ ሰዎች ሆነናል። ሳይደውል የሚመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው። በባዶ እግሬ ሆኜ፣ ወለሉ እንዳይንቋቋ እየተጠነቀቅኩ፣ በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ጋሽ በላይነህ ከፊት፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። ከኋላቸው ፀሐይና ሐዳስ። ሦስቱም ጥቁር ካፖርት። አንዳቸውም አያወሩም።

የጥርስ ሐኪሟ ብትሆን ምን ትላለች አልኩ በሆዴ፤ እብደት እኮ ነው። ሳይደውሉ መጡ። ሽማግሌው ቀደሙ። መርዶ በጠዋት ነው የሚባለው ድሮ ነው፤ እዚህማ ሰው ከሥራ የሚያርፈው እሁድ ስለሆነ መርዶውም እሁድን ይጠብቃል። ሐዳስ ነጠላ አድርጋለች። አዘቅዝቃው እንደሆነ ላይ ብል ካፖርቷ ሸፍኖብኛል። ሜሮን አልደወለችም።

ልጄ! ልጄን! አልከፈትኩም ተሼ። ካልከፈትኩ አልተነገረኝም፣ ካልተነገረኝ ልጄ አለች። ትንፋሼን ውጬ፣ የበሩን ሰንሰለት እንዳይንቀጫቀጭ በእጄ ይዤ ቆምኩ። ጋሽ በላይነህ አንኳኩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ወርቅነሽ፣ አለሽ? ክፈቺ ልጄ" አሉ። ልጄ ያሉኝ በዕድሜዬ አንዴ ነው፣ ያን ሰኞ።  ፀሐይ ከኋላ "ኧረ ሊጀምር ነው፣ ፊልሙ ሊያመልጠን ነው!" ብላ ጮኸች። ይሄኔ ጭራሽ አመንኩ። አንተስ በዚሁ ፊልም አልነበር ያታለልከኝ?

በመጨረሻ ያስከፈተኝ ምን መሰለህ? ድፍረት እንዳይመስልህ። ማዶ ያለችው ጀርመናዊት ጎረቤታችን በሯን ከፍታ ምን ሆናችሁ ብላ ጠየቀች። ሽማግሌ ሰው ደጅ አቁሜ ፈረንጅ ፊት ላዋርድ? ፍርሃቴን ያሸነፈው ይሉኝታ ነው። ሰንሰለቱን ፈታሁት።

ገቡ። ወንበርህን አልፈው ተቀመጡ። ፀሐይ ከቦርሳዋ ሳምቡሳ አወጣች፣ ሐዳስ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፈተች። እኔ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ይነግሩኛላ! ፊልሙን ትቼ የእነሱን ፊት ማየት ጀመርኩ። አንዱ ሰውዬ የፖም ጠጅ በርሜል ውስጥ ሰጥሞ ተገኘ። ሐዳስ፣ አንተ እንደምታውቀው በፖም ጠጁ በታወቀው ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ወጥ ቤት ውስጥ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው፣ "የእኛ ሰፈሩ ጠጅ ቢሆን ሳይሰጥም በጣዕሙ ይሞት ነበር" አለች፣ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እሷም ዓይኗን ጠረገች። ከሳቅ ነው? ጋሽ በላይነህ ስልካቸው ጮኾ ኮሪደር ወጡ፣ ሲመለሱ ቀና ብለው አዩኝና ዝም አሉ። ፀሐይ ሳህኑን አስጠጋችልኝና ምን ብትል ጥሩ ነው? "ብይ እንጂ ወርቄ፣ አንዴ ጨምሪ።" ያንተው ቃል!  ሳምቡሳውን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት።

ከዚያ ያ ወፍራም ፖሊስ የሟቹን ሚስት በር አንኳኳ። ኮፍያውን አላወለቀም። "ባለቤትዎ ሞተዋል" አለ። ሦስቱም ባንድ አፍ፣ አንተ ትለው እንደነበረው፣ "መጀመሪያ አስቀምጣት እንጂ!" ብለው ጮኹ።  ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ ተቀምጫለሁ ተሼ። አስቀምጠውኛል።

እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም። "ንገሩኝ!" አልኩ። "ልጄን ንገሩኝ! ሜሮን ሞታለች ወይ?" ፀሐይ በኢየሱስ ስም ብላ ዘለለች። ጋሽ በላይነህ ምን ሰምተሽ ነው፣ ማን ነገረሽ ይሉኛል። እኔ እነሱን እጠይቃለሁ፣ እነሱ እኔን ይጠይቃሉ። ስልኳ ከምሳ ጀምሮ ዝግ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ የሁሉም ፊት ልውጥ አለ። የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም፤ ይኸው ከእኔ ሰሙና እነሱም ፈሩ። ሐዳስ በራሷ ስልክ ደወለች፣ ዝግ። ጋሽ በላይነህ ደወሉ፣ ዝግ። ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ መጸለይ ጀመረች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሙዚቃው ይደንሳል፣ የጥርስ ሐኪሟ በብስክሌቷ ትሄዳለች፣ እኛ አራታችን አንዲት ስልክ ከበን እንንቀጠቀጣለን። ያ ጊዜ ምን ያህል እንደረዘመ ልነግርህ አልችልም።

ስልኩ ጮኸ። ሜሮን ናት! "ማማ፣ ኢሽ ሃብ ኑር ገሽላፈን" አለችኝ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ማለቷ ነው። ሐኪሙ ዕረፊ ስላላት ስልኳን ዘግታ ለጥ ብላለች። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ለቅሶዬን አቀለጥኩት፤ እሷ በጀርመንኛ ምን ሆናችሁ፣ ማን ሞተ ትላለች። ማንም አልሞተም፣ ጠጅ ውስጥ አንድ ሰውዬ ብቻ ነው አላት ሐዳስ ስልኩን ቀምታ።

ላቡ ከግንባራቸው ሲደርቅ ጋሽ በላይነህ ጉዱን አወጡት። ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ አደራ ብለሃቸው ነበር ለካ። አዲሱ ሽታፈል ሲጀምር ብቻዋን እንዳታይ፣ መብራት ሁሉ አብርታ እየፈራች ነው የምታየው፤ ብትደውሉላት ደክሞኛል አትምጡ ትላለች፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ ብለሃቸዋል። ዝም ብላችሁ ሂዱ! ተሼ፣ እኔ እንዳልፈራ ብለህ በፍርሃት ልትገድለኝ? እዚያ ሆነህም አላስቀምጥ አልከኝ? ኮሪደር የወጡትም ሚስታቸው መድኃኒትህን ውጥ ልትላቸው ደውላ ኖሯል። መለስ ብለው ያዩኝ ደግሞ ፊቴ ነጥቶባቸው ነው። ልጄ ማለታቸውን ስጠይቃቸው እሳቸውም አላስታወሱትም።

ገዳዩን ማናችንም አላየነውም። ፀሐይ ቄሱ ነው አለች፣ ሐዳስ አትክልተኛው፣ ጋሽ በላይነህ ፖሊሱ ራሱ ነው፣ ቀድሞውንም ዓይኑ አላማረኝም ብለው በሩ ላይ ሳይቀር ተከራከሩ። እኔ ዘንድሮ አላወቅኩም። ከዛሬ ወዲህ ስትመጡ ከደረጃው ጀምሮ እያወራችሁ፣ እየሳቃችሁ ኑ አልኳቸው። ጋሽ በላይነህም ለዕድሩ እንደሚያስነግሩ ቃል ገቡልኝ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ግን ያሰብኩት አንተን ነው። እነሱ ለዚያች አጭር ጊዜ የያዙትን ድንጋጤ አንተ ከዓርብ እስከ ሰኞ ይዘኸው ነበር። ያን ሁሉ ሳቅ ስትስቅ የቀኝ እጅህ ወንበሩን ጨብጦ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያኔ አይቼዋለሁ፣ አልገባኝም። ስታርፍ እጅህን የያዝኩት እኔ ነኝና ያንተን መርዶ ያመጣልኝ ሰው አልነበረም። የአባባን መርዶ ግን አንተ ስንት ቀን ተሸክመህልኝ ኖሯል። ይህን በሕይወት እስካለሁ አልረሳልህም። እሁድ በመጣ ቁጥር፣ ያ ወፍራም ፖሊስ በር ባንኳኳ ቁጥር፣ አንተን አስቤ እጮኽበታለሁ።

የሜሮን ቀን ቀርቧል። ሌት ተቀን እሱን ነው የምፈራው። በሰላም ስትገላገል መጀመሪያ የምነግረው ላንተ ነው። በጠዋት፣ ሳልደውል፣ ጥቁሩን ካፖርቴን ለብሼ እመጣለሁ፤ ሌላ የለኝም። ከሩቅ ስታየኝ እንዳትደነግጥ። ጀርመኖቹ ምን ይላሉ ሳልል ከመቃብሩ በር ጀምሬ እልል እያልኩ ነው የምመጣው።

ዝም ብዬ ከመጣሁ ግን ተሼዬ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ መጀመሪያ አስቀምጠኝ።

ያንተው ወርቄ