የወይዘሮ ሸዋነሽ አንለይ ሕይወትና ሠላሳ ስምንቱ ጆንያ

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የእድራችን ዳኛና አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ቤተ ዘመዶች፤ ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ጉባኤ ፊት ሊነገር የሚገባው ነገር ቢኖር፣ ወይዘሮ ሸዋነሽ አንለይ በየቀኑ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል በር ከፍተው ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት የሚዘጉ ሰው እንደነበሩ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ከፍተዋል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ዘግተዋል። ከዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት የከፈቱት ባዶ ቤት ነበር።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ከአባታቸው ከአቶ አንለይ ቢሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ መባ አያልነህ በፎገራ ሜዳ፣ ከይፋግ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የለም፤ እናታቸው “ጓያ ሲታጨድ ነው” ከማለት ሌላ አልጨመሩም። አባታቸው አራሽና ከብት አርቢ ነበሩ። ክረምት ገብቶ ውኃው ሜዳውን መዋጥ ሲጀምር ከመንደሩ ሁሉ ቀድመው ንብረታቸውን ወደ ከፍታው ያወጡ ነበርና፣ “ሰው ማለት ውኃ ሳይመጣ ምን እንደሚወጣ የሚያውቅ ነው” ይሉ እንደነበር ልጃቸው ደጋግመው ይናገሩ ነበር።

በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ይሁኔ ፊደል ሲቆጥሩ እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ይሰሙ ነበር። ስለዚህ ፊደልን በድምፅ እንጂ በመልክ አያውቁትም ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ፣ በሃያ አራት ዓመታቸው፣ ከመልኩም ጋር ተዋወቁ። “ሀ ይኸ ኖሯል?” ብለው ሳቁ ይባላል፤ ከድምፁ አንሶባቸው።

በ1973 ዓ.ም. ከአቶ ባየህ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወደ ወረታ ገቡ፤ ነፃነትንና የኔነህንም ወለዱ። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት አገልግለዋል። የመጽሐፍ ቁም ሣጥን እንዲወለውሉ ሲታዘዙ አንድ ገጽ ወልውለው አሥር ገጽ ያነቡ ስለነበር፣ ትምህርት ቤቱ በእሳቸው ዘመን ንጹሕ ነበር ብሎ መመስከር ያስቸግራል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከየቦታው የወጣ መጽሐፍ በየሱቁ የበርበሬ መጠቅለያ ሆነ። ወይዘሮ ሸዋነሽ አሮጌ ጋዜጣ ተሸክመው በየሱቁ ዞሩ። “ይኸ ሰፋ ያለ ነው፤ ደኅና አድርጎ ይጠቀልልላችኋል” እያሉ ጋዜጣውን ሰጥተው መጽሐፉን ወሰዱ። በዚህ መልክ ስልሳ አንድ መጻሕፍት አተረፉ። በ1989 ዓ.ም. የሩዝ መጋዘን የነበረች አሮጌ ቤት ለምነው፣ አስፈቅደው፣ አስጠርገው፣ ንባብ ቤት ብለው ከፈቷት። አቶ ባየህ በ1998 ዓ.ም. ሲያርፉ እንኳ ንባብ ቤቷ የተዘጋችው ለሦስት ቀን ብቻ ነው። አንዱ ሲሰጥ፣ ሌላው ሲያዋጣ፣ መጻሕፍቱ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ደረሱ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ደረሰ የሚል ወሬ መጣ። ሰፈሩ ለአሥራ አንድ ቀን ጭር አለ። ወይዘሮ ሸዋነሽም በሩን ቆልፈው ከነፃነት ጋር ወደ አንበሳሜ ሸሹ። ወደዚህ ሰፈር ከወሬው በስተቀር የመጣ አልነበረም። ይህን ሁሉም ያውቃል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲመለሱ ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው፤ መስኮቱም ደኅና ነው። ከፍተው ገቡ። ከሦስት ሺህ አንድ መቶ ስድስቱ መጻሕፍት አንድም አልነበረም። መደርደሪያዎቹ ተወልውለዋል። ወለሉ ተጠርጓል፤ መጥረጊያውም ጥጉን ይዞ ቆሟል። ዘወር ብለው የበሩን ማጠፊያ ሲያዩ ብሎኖቹ አዲስ ናቸው። በሩ ከነቁልፉ ተነቅሎ፣ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ተገጥሞ ነበር።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። “ባዕድ ነው የወሰደው” ተባለ። “ባዕድ ነው እንጂ!” አለ ሁሉም። ሸሽተው የነበሩት “እኛ መቼ ነበርን” አሉ፤ ሳይሸሹ የቀሩትም “እኛም ሸሽተን ነበር” አሉ።

“ቤት ጠርጎ የሚሄድ ባዕድ እግዜር ይስጠው” አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ። በማግስቱ በሁለት ሰዓት ተኩል በሩን ከፈቱ።

የሚገርመው አንባቢው አለመቅረቱ ነው። ሰው እንደ ወትሮው ይመጣል፤ ወንበር ስቦ ከባዶው መደርደሪያ ፊት ይቀመጣል። አንዳንዱ ይጠይቃል።

“እትየ ሸዋነሽ፣ ያቺ ስለ ንብ የምታወራዋ አልተገኘችም?”

“አልተገኘችም።”

“ውይ፣ እነዚያ ሰዎች!” ይልና ደስ ብሎት ይሄዳል።

መጻሕፍቱ አይታዩ እንጂ ነገራቸው ሰፈሩን ሞልቶት ነበር። ሽንኩርት ነጋዴው ወንዴ ከዚያ በፊት ምርቱን መሬት ላይ ከምሮ የሚያበሰብስ ሰው፣ በድንገት ከፍ ያለ ቆጥ ሠርቶ ነፋስ እንዲያገኘው አድርጎ ደረደረው። ወይዘሮ ሸዋነሽ ቆመው አዩት።

“ማን አሳየህ?”

“ኧረ ራሴ አስቤው ነው፣ እትየ።”

“ያሰብከውስ ደግ ነው። ገጽ አርባ ሰባት ላይ ነው ያሰብከው። ገጽ አርባ ስምንት ላይ ደግሞ በየሳምንቱ ገልብጠው ይላል፤ እዚያ ስትደርስ ታስበዋለህ።”

ወንዴ በሳምንቱ ገለበጠው።

ክረምት ክረምት፣ ዝናቡ ሰውን ከቤት ሲያውል፣ በዚህ መንገድ ያለፈ ሁሉ ከየግድግዳው ኋላ የሚያነብ ድምፅ ይሰማል። ወይዘሮ ሸዋነሽ ጥላ ይዘው ሲያልፉ ግን ድምፁ ያቆማል። መጀመሪያ የአንዱ ቤት፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ፣ ቀጥሎ የማዶው፤ እሳቸው በሄዱበት ልክ መንገዱ በግራም በቀኝም ዝም እያለ ይከተላቸዋል። አንድ ቀን ሉሊት በምትባለው ጸጉር ሠሪ ቤት አጠገብ ሲያልፉ ድምፁ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተቋረጠ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ዝናቡ ውስጥ ቆሙ፤ የቀረውን ከውጭ ሆነው በቃላቸው ጨረሱት፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ። ሉሊት ሁለት ቀን ሱቋን አልከፈተችም፤ ጉንፋን ነው ተባለ።

መጻሕፍቱ ለምን አልተመለሱም የሚል ቢኖር፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ያቺ የንብ መጽሐፍ አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተገኝታ ነበር። ሰፈሩ ወዲያው ተሰበሰበ። “ማን አመጣት?” “አንዷን ያመጣ ሦስት ሺሁንም ያውቃል!” “ይውጣ፣ ይጠየቅ!” ይህን ጊዜ መጀመሪያ የመለሰ ሰው የሁሉም ሌባ እንደሚሆን ሰው ሁሉ ገባው። በማግስቱ መጽሐፏ ራሷ ተመልሳ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩ ሲጠፋ ሲመጣ፣ ልጆች ያለ ትምህርት ሁለት ዓመት አደጉ። እነዚያ ልጆች ወደ ንባብ ቤቷ ይመጡ ነበር። ወይዘሮ ሸዋነሽ በዘንግ ባዶውን መደርደሪያ እያመለከቱ፣ “እዚህ ጋ የነበረው ስለ ደም ዝውውር ነው” ብለው የሚያስታውሱትን ይነግሯቸዋል፤ ልጆቹም ዘንጉ ያረፈበትን ባዶ ቦታ አተኩረው እያዩ ይሰማሉ። ሆኖም ባለፈው ዓመት ለነፃነት እንዲህ አሏት፦ “ሦስተኛው መደርደሪያ ጠፋብኝ። ምን እንደነበረበት አላውቅም። እኔ ሳልሞት ካልተመለሱ፣ ምን እንደጠፋ የሚያውቅም አይኖር።” ሌላ የሚያሳስባቸው ነገር አልነበረም።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐኪሞቹ እቤታቸው ቢሆኑ እንደሚሻል ስለነገሯቸው ተመለሱ። በሐምሌ ወር የእድሩን ዳኛ አያ ደስታውን አስጠሩ።

“አያ ደስታው፣ በእኛ አገር ዕቃ ሲጠፋ ሽማግሌ ምን ይል ነበር?”

“እያንዳንድህ አንድ ሸክም ጭድ አምጣ ይላል። የጠፋው ከጭዱ ውስጥ ይገኛል። ማን እንዳመጣው አይጠየቅም።”

“እንግዲያ ይኸንኑ ይበሉልኝ። ጭዱ ቢቀር ገለፈት ይሁን፤ የሩዝ መፈተጊያው የሚጥለው ሞልቷል። ከየቤቱ አንድ አንድ ጆንያ፣ አፉ የተሰፋ፣ ምልክት የሌለው። የምፈታው እኔ ነኝ፤ ብቻዬን። የወሰደም ያልወሰደም ያምጣ።”

አያ ደስታው ትንሽ አሰቡ። “እኔ እንኳ የማመጣው ሌላውን ለመሸፈን ነው” አሉ።

“እሱማ ነው እንጂ” አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ።

እድሩ ተሰብስቦ ተስማማ። ሠላሳ ስምንቱም አባወራ ተራ በተራ እየተነሣ፣ የእኔስ ባዶ ገለፈት ነው፣ ጎረቤቴ እንዳያፍር ነው አለ። አቶ ይሁኔም የሟች ወንድም እንደመሆናቸው፣ “የእኛ ቤትማ የታወቀ ነው፤ ለሰው ስንል ነው የምናመጣ” ብለው ተናገሩ። ጆንያዎቹ ወደ ንባብ ቤቷ በረንዳ ሲመጡ ያየ የለም። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ላይ ሰው አይታይም፤ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ግን ጆንያዎቹ ጨምረው ይገኛሉ። ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሠላሳ ስምንት ሞሉ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ነሐሴ 21 ቀን፣ በማርያም ዕለት፣ ተደግፈውም ቢሆን ሄደው ሊፈቷቸው ቆርጠው ነበር።

አልሆነም። በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ማክሰኞ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም እነሆ ዛሬ፣ በቀጠሯቸው ቀን፣ እየተፈጸመ ነው።

ወይዘሮ ሸዋነሽ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ሲያስታምሙ ለቆዩት ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። አምላክ ስማቸውን ከማይጠፋው መጽሐፍ ይጻፍልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ እናቶች አጠገብ ያሳርፍልን።

በመጨረሻ ቤተሰቡ ይቅርታ የሚጠይቅበት አንድ ጉዳይ አለ። ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር የመጣችሁ እንግዶች ትናንት ስትደርሱ ድንኳን ባለመተከሉ ዝናብ መትቷችኋል። የዘገየበት ምክንያት ይህ ነው። በዚህ ክረምት ከሰፈሩ ውኃ ያልተኛበት የንባብ ቤቷ ግቢ ብቻ ነው። ድንኳኑ ከበረንዳው ቋሚ ጋር እንዲታሰር ጆንያዎቹ ወደ ውስጥ መግባት ነበረባቸው። ለቅሶ በመሆኑ ሠላሳ ስምንቱም አባወራ እዚያው ቆሞ ነበር። ገለፈት ደግሞ ይታወቃል፤ ሙሉ ጆንያውን ልጅ በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል።

ወንዴ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ያዘ። ጆንያው አልተነሣም። በሁለት እጁ ያዘ።

“ዝናብ ገብቶበት ነው” አሉ አያ ደስታው።

“አዎ፣ ዝናብ ነው” አለ ሁሉም።

ጆንያው ሲነቃነቅ ደረቅ የገለፈት ብናኝ ቦነነና የሁሉንም ልብስ ሸፈነው። ሌላው ሰው የሚቀጥለውን ሞከረ፤ ያም አልተነሣም። ሦስተኛውም እንዲሁ። አያ ደስታው ራሳቸው አንዱን ሊያነሡ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያም ቀስ ብለው፣ “ወንዴ፣ እስቲ ና አሸክመኝ” አሉ።

በፎገራ ሜዳ ለገለፈት “አሸክመኝ” የተባለበት ቀን አይታወቅም። ከዚያ ወዲያ ዝናብን ያነሣ አልነበረም። አንዱ ሌላውን እያሸከመ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ አንድ ባንድ አስገቧቸው። ቀልሎ የተነሣ ጆንያ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ቀረ፤ ያልተሸከሙትም አቶ ይሁኔ ብቻ ነበሩ። ሰው ሁሉ ጠበቃቸው። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጎንበስ አሉ፤ አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለተኛም ሞከሩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ “አሸክሙኝ” አሉ።