አታስተምሩ የተባልነው መንደር

ኅዳር 9

አስታ ሜዳ። አምስት ቤት ጨረስኩ። ብርዱ እጄን አድርቆት የታብሌቱ መስታወት ጣቴን አላውቅም ይላል። ቁንጫው ግን ገና ከበሩ አወቀኝ።

ዛሬም ያው ሰማኒያ አራት ጥያቄ። «በእናቶች ቡድን የጤና ትምህርት ምን ያህል ረክተዋል? በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ መካከለኛ...» አንዲት አሮጊት ለሁሉም «ተመስገን» አሉኝ። ተመስገን የሚል ሳጥን የለም። የቱ ላይ ልጫን? «በጣም ረክቻለሁ» ላይ ተጫንኩ። አዲስ አበባ ደግሞ ሰብስበው በመቶኛ ያወጡታል። አስጠላኝ።

የቡድኑ አስተማሪ ኮከብ ግን ደስ ትላለች። የአምስት ልጆች እናት። ፕሮጀክቱ በሰጣት ሥዕል የእርግዝና አደገኛ ምልክቶችን ለጎረቤቶቿ ታስተምራለች። «ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሥዕሉ ግን ያወራኛል» አለችኝ። ነርስ እንደነበርኩ ስነግራት «ታዲያ ምን ሆነሽ ተውሽው?» አለች። ሳቅ ብዬ አለፍኩት።

ኅዳር 13

ነገ ወንዙን ተሻግሬ ጎሽ ውሃ። ፕሮጀክቱ እዚያ አያስተምርም። ማነጻጸሪያ ነው። የተማረውን መንደር ካልተማረው ጋር አስተያይተን ትምህርቱ ሠርቷል ወይም አልሠራም እንላለን። አለቃዬ ቴዎፍሎስ ሥልጠናው ላይ ሦስት ጊዜ ደጋግሞታል፦ «ጎሽ ውሃ ላይ አንዲት ምክር እንዳታመልጣችሁ። ጠይቁ፣ መዝግቡ፣ ውጡ። ካስተማራችሁ ጥናቱ ተበላሸ።»

ሦስት ዓመት ነርስ ነበርኩ። ሰለቸኝና ለቀቅሁ። መጠየቅ ይቀላል ብዬ...

ኅዳር 14

ጎሽ ውሃ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቤቶች ሴቶች አደገኛ ምልክቶቹን እንደ ውዳሴ ማርያም ወረዱልኝ። ማን አስተማራቸው? ገረመኝ። ጊዜ የለም፣ መዘገብኩ።

አራተኛው ቤት። ጥሩሸዋ ትባላለች። አምና ነው አግብታ የመጣችው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ፣ ስምንተኛ ወሯ። ደጅ ገብስ ስታበጥር አገኘኋት። ፊቷ አብጧል። እግሯ የላስቲክ ጫማው ውስጥ አልገባ ብሎ ተረከዙን ረግጣው ትሄዳለች።

«ራሴን ይፈልጠኛል እቴ። አንዳንዴማ ዓይኔን ጭልም ያረገኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሚካኤል ወዲህ። ምች ነው። የባሌ አባት ዳማከሴ አሽተው ሰጥተውኛል።»

ምች አይደለም። የእርግዝና ደም ግፊት ነው፤ እናትንም ልጅንም ይዞ የሚሄደው። አውቀዋለሁ! አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለውን ጥያቄ አነበብኩላት። «በእርግዝና ጊዜ ከሚታዩ አደገኛ ምልክቶች የሚያውቁትን ይንገሩኝ።»

«እኔ ምን አውቄ» ብላ ሳቀች።

«አታውቅም» ላይ ተጫንኩ። እያየኋት። ስጨርስ እንደ ደንቡ አንድ ሳሙና ሰጠኋት። መረቀችኝ።

ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለቴዎፍሎስ ደወልኩ።

«ደም ይፈሳታል?»

«አይ።»

«ራሷን ስታለች?»

«አይ፣ ግን...»

«እንግዲያው ድንገተኛ አይደለም። እፀገነት፣ አንቺ አሁን መረጃ ሰብሳቢ ነሽ።»

እሺ አልኩ። እሺ!

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ልመለስ? ጎሽ ውሃ እኮ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ማን ያየኛል? ቢያዩኝስ? ውል ፈርሜያለሁ... ሳስብ መሸ። አልሄድኩም።

ኅዳር 17

ራሴን ተጸየፍኩ።

ኅዳር 22

የቀሩትን ቤቶች ልጨርስ ጎሽ ውሃ ተሻገርኩ። በቀጥታ ጥሩሸዋ ቤት። በሩ ተዘግቷል። የባሏ አባት ጋሼ ወዳጆ ከአውድማው መጡ።

«ትናንት በቃሬዛ ወሰዷት።»

ቃሬዛ ሲሉ የሞተች መሰለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ራቤል ነዋ፣ ጤና ጣቢያ። ሴቶቹ ናቸው ያስነሱን።»

ትናንት የማርያም ማህበር ነበር። ጥሩሸዋ የሟች አማቷን ጽዋ የምትረከብበት ቀን። ማህበርተኞቹ ከዚህም ከአስታ ሜዳም ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ነው። ኮከብም አለችበት። ጥሩሸዋ ጽዋውን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ኮከብ ያበጡ ጣቶቿን አየች። እግርሽን ግለጪ አለቻት። በአውራ ጣቷ ጫን ብታደርገው ጎድጉዶ ቀረ።

«ጽዋው ይቆይ፣ ወንዶቹን ጥሩ! አለች» አሉኝ ጋሼ ወዳጆ። «እኔማ ምች ነው ብዬ... ያች ሴት ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?»

ለካ ኮከብ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሃያ አንድ ከጸሎቱ በኋላ የተማረችውን ለማህበሩ ስትናገር ኖራለች። ወንዙን ድንበር ብሎ ካርታ ላይ ያሰመረው ሰው የእነዚህ ሴቶች ታቦት አንድ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ኅዳር 25

ከራቤል በአምቡላንስ ሆስፒታል ልከዋት በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። ሴት ልጅ። ትንሽ ናት፣ ግን አለች። ሁለቱም አሉ። አለቀስኩ። ከደስታው እፍረቱ ይበዛል።

ታኅሣሥ 11

ውጤቱ ወጣ። ሁለቱ መንደሮች እኩል ያውቃሉ። ልዩነት ስለሌለ «ትምህርቱ አልሠራም» ሊባል ነው። ለቴዎፍሎስ የማህበሩን ነገር ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ፣ ሞኝ!

«ስለዚህ ጎሽ ውሃ ተበክሏል» አለኝ።

ተበከለ! አንዲት ሴት ያወቀችውን ለማህበርተኛዋ ብትነግር ብክለት ሆነ። የጎሽ ውሃን መረጃ ሰርዞ ከጓሳ ማዶ ሌላ መንደር ሊተካ ነው። «ከአስታ ሜዳ ጋር ማህበር የማይጋሩ መሆናቸውን አረጋግጪልኝ» አለ። የሚልከው እኔን ነው። ሄጄ ያልሰማች ሴት ልፈልግለት ነው።

ታኅሣሥ 24

ትናንት ታብሌቱን አስረከብኩ። አንድ ገጽ ደብዳቤ አብሬ ሰጠሁ፤ ኅዳር 14 ቀን ያየሁትን፣ አይቼም ዝም ማለቴን። ፈረምኩበት። ወደ ነርስነቴ ልመለስ ማመልከቻ አስገብቻለሁ።

ዛሬ ለአራሷ ቅቤ ይዤ ጎሽ ውሃ ሄድኩ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«ማርያም ታኑርሽ። ግቢ፣ ግቢ።»

ፊቷ ጎድሎ ሌላ ሰው መስላለች። ቆንጆ ናት ለካ። ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ትሞቃለች። የሰጠኋት ሳሙና ከነወረቀቱ መደቡ ጥግ አለ።

ስለ ቃሬዛው፣ ስለ ሆስፒታሉ አወራችኝ።

«ነርስ ናት አለችኝ ኮከብ። እውነት ነው?»

«ነበርኩ።»

«ያን ቀን... እግሬን አይተሽው ነበር?»

«አየሁት።»

«ምን እንደሆነ አውቀሽ?»

«አውቄ።»

ተነስታ ልጇን ከጭኔ ላይ ወሰደች።