ስምዎን ለአውሎ ነፋስ ስለ መስጠታችን

ለክቡር አቶ ስምዖን
የቀበሌያችን ዋና አስተዳዳሪ
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም የቢሮዎ ጣራ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ነዋሪዎችዎ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ አንዳንዶቻችንማ ከዋክብትን ከአልጋችን ሳንነሣ እናያለን።

ሰኔ 3 ቀን ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሚያዝያ 18 ከሰዓት በኋላ ከዘቢዳር ተራራ በኩል በረዶ ቀላቅሎ ወርዶ የሰባት ቤት ጣራ የወሰደውን አውሎ ነፋስ «ስምዖን» ብሎ መጥራት መከልከሉን፣ ስሙን ያወጣውም ሰው በይፋ ይቅርታ እንዲጠይቅ መታዘዙን ተረድቻለሁ። ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ፤ ነፋሱን በሚመለከት ከቢሮዎ የወጣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ነውና። ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ጥፋቱ በከፊል የእኔ መሆኑን አምናለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በነጋታው ከጎረቤቶቼ ጋር ከየማሳው የተጣመመ ቆርቆሮ ስንለቅም፣ በሌላው ዓለም ለአውሎ ነፋስ ስም እንደሚወጣለት አወራኋቸው። አንዱ አገር የሴትና የወንድ ስም እያፈራረቀ በፊደል ተራ ይሰጣል፤ ሌላው የአበባ፣ የአውሬ፣ የፍራፍሬም ስም ያወጣል። ከመቶ ዓመት በፊት ደግሞ አንድ አውስትራሊያዊ የአየር ጠባይ ተንባይ ማዕበሎችን ባስቀየሙት ፖለቲከኞች ስም ይሰይም ነበር፤ እገሌ ዛሬም ያለ ዓላማ በባሕር ላይ እየተንከራተተ ነው ብሎ ለሕዝብ ለመናገር ይመቸው ነበርና። አናጢው ሸረፋ ይህን ሲሰማ ሚስማር ማቃናቱን ሳያቋርጥ፣ «እንግዲያውስ ይኼ የእኛው አቶ ስምዖን ነዋ፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ሲደርስ አቧራ ያስነሣል፣ ሲሄድ የተሠራ ነገር የለም» አለ። ከእኔ በቀር ሁሉም ሳቀ። እኔ ያልሳቅሁት ለገለጻው እንከን ስላጣሁለት ነው።

2. ለነፋሱ «ተገቢ ስም» የሚያወጣ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ማቋቋምዎን በአድናቆት ሰምቻለሁ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ሦስት ካርቶን የታሸገ ውኃ ጠጥቶ፣ «ተስፋ» የሚል ስም በሙሉ ድምፅ ማጽደቁን ነግረውናል። የፈረሱትን ቤቶች ዞሮ የሚመዘግብ ኮሚቴ ግን «በሰው ኃይል እጥረት» አልተቋቋመም። ስም የሚያወጣ ሰባት ሰው ሲገኝ፣ ሰባት ቤት የሚያይ አንድ ሰው መጥፋቱን በየትኛው ሒሳብ ለተማሪዎቼ ላስረዳ?

3. ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢረሱት አልቀየምም። ወይዘሮ ሰልሚያ ከአራት ልጆቻቸው ጋር ሁለት ወር ሙሉ ላስቲክ ሥር ያድራሉ። ለተጎጂዎች የመጣው ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል፤ የሚወጣው በቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። እርስዎም በታላቅ ርኅራኄ አስጠርተዋቸው፣ «ቤቴን ያፈረሰው ተስፋ የተባለው ነፋስ ነው፤ በሌላ ስም የጠሩትንም እቃወማለሁ» የሚል ወረቀት ከፈረሙ ደብዳቤውን እንደሚሰጧቸው ነገሯቸው። እሳቸውም፣ «ወላሂ፣ ስሙን እኔ አላወጣሁም። እኔ የጠየቅሁት ጣራ ነው። በጎረቤቶቼ ላይ ግን አልፈርምም» ብለው ወጡ። ክረምቱ ገብቷል፤ ትንሿ ልጃቸው ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ታስላለች። አንዲት እናት ከልጆቿ ጣራና ከጎረቤቶቿ አንዱን እንድትመርጥ ማድረግ የትኛው መመሪያ ላይ እንደተጻፈ ቢጠቁሙኝ፣ ገልብጬ በክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ አልጠይቅም። ሸረፋም አይጠይቅም። ስም ሰው ሲጠራው የሚኖር ነገር ነው፤ በማኅተም አይወጣም፣ በማስታወቂያም አይሻርም። ሆኖም መውጫ መንገድ አለ። በአንዳንድ የዓለም ክፍል፣ ብዙ ጉዳት ያደረሰ ማዕበል ስሙ ለተጎጂዎች ክብር ሲባል ከመዝገብ ይሰናበታል፤ በዚያው ፊደል የሚጀምር ሌላ ስምም ይተካዋል። የእርስዎንም ስም የወይዘሮ ሰልሚያ ጣራ የመጨረሻው ሚስማር በተመታበት ዕለት በክብር እናሰናብታለን። ከዚያ አንድ ቀን አስቀድመን አናደርገውም።

ማስታወቂያዎችዎን ሁሉ በትጋት አንብቦ አንዱንም መፈጸም ያልሆነለት፣ ለጤናዎም ለፊርማዎም ዘወትር የሚጸልይ ነዋሪዎ፣

ገዛኸኝ ወልደሰንበት
የጂኦግራፊ መምህር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ፖስታውን ሳላሽገው ሌላ ወሬ ደረሰኝ። ተተኪው ስም በዚያው በ«ሰ» ፊደል መጀመር እንዳለበት ምክትልዎ ወይዘሮ ሳቢሪን ማክሰኞ ዕለት ከሸረፋ ሰምተው ኖሯል። ረቡዕ እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ የወይዘሮ ሰልሚያን ደብዳቤ ያለ ምንም ወረቀት ፈርመው፣ ማኅተሙንም ራሳቸው መትተው ሰጥተዋቸዋል። ሸረፋ አሁን ጣራው ላይ ነው። እባክዎ ስብሰባው ይራዘምልን፤ ገና ስድስት ቤት ይቀረናል።