መርፌ የምንላት ወፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጭጋግ ነበር። ካልሲዬ ሳይቀር ረጥቤ ገባሁ። ወፍ ያስጎበኘኋቸው እንግዶች ደህና ናቸው፤ አንዷ ብቻ ከጫካው ይልቅ ስልኳን ስታይ ዋለች። ግንደ ቆርቁር አሳየኋቸው፣ ተደሰቱ። ትልቁ ዛፍ ጋ አንዱ ጢማም "ይቺ ቀጭን ድምፅ የምን ወፍ ናት?" አለኝ። የቷ? ጆሮዬን ቀሰርኩ… ምንም። "ነፋስ ነው" ብዬ አለፍኩ። ቅጠል እንኳን አይነቃነቅም ነበር እኮ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዛሬ ጉድ ሆንኩ። ወፍ ተደብቃ እምቢ ስትል በራሷ ድምፅ እናፏጭላታለን፤ ስትመልስ ድምፁን ተከትለን እንሄዳለን። አፏጨሁ። ከማዶ መለሰች። "ተከተሉኝ!" ብዬ ሰዉን ዳገት አስወጣሁ። ሳፏጭ ስትመልስ፣ ሳፏጭ ስትመልስ… ጥሻውን ገልጠን ብቅ ስንል ማን ቁጢጥ ብሏል? ፉጨት! እንዲህ ብለን የምንጠራው የማዶው በር አስጎብኚ፣ ከነእንግዶቹ፣ አፉን አሞጥሙጦ። ሰዉ በሳቅ ሞተ፣ እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን ጠጋ ብሎ "ስቀልድብሽ እኮ ነው… የእውነት አልለየሽኝም እህቴ?" አለኝ።

የወፏ ድምፅ መጨረሻው ላይ ይቀጥናል። ሰው ያንን ማፏጨት አይችልም። ድሮ በዚያ ነበር የምለየው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

እንጀራዬ ጆሮዬ ነው። አለቃ ቢያውቅ በር ላይ ቲኬት ቆራጭ ያደርገኛል። ያለ ጫካ ምን ልሆን ነው?

ቀጭን ድምፅ እንደማልሰማ ለባሌ ነገርኩት። ድስት እያጠበ፣ ዞር እንኳን ሳይል "አውቃለሁ" አለ።

ምኑን?

"ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አጠገቡ ቆመሽ ዝም ትያለሽ። ሮጬ የማወርደው እኔ ነኝ።"

ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

"አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ።"

መጀመሪያ ተናደድኩበት። ከዚያ ደረቱ ላይ ተለጥፌ አለቀስኩ።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

የመርፌን ድምፅ ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ከወፎቻችን ሁሉ ድምፀ ቀጭን እሷ ናት፣ ስሙንም ያወጣንላት ለዚያ ነው። እስከ መጨረሻ ከፍ አደረግኩት። ባሌ ጆሮውን ያዘ። ለእኔ ጭጭ…

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለአለቃ ነገርኩ። ፉጨት ማንም ሳይጠራው አብሮኝ ገባ። አለቃ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ "የማትሰሚውን እንዴት ነው የምታሳዪው?" አለኝ። ፉጨት ቀበል አድርጎ "የቷ ወፍ የት እንደምታርፍ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ካለ ይጥሩልኝ" አለ።

"እሺ፣ የቅዳሜውን ጉዞ አብሬሽ ወጥቼ ልየው" አለ አለቃ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ፉጨትን። ከእንግዲህ በአፉ ቅርፅ አልስቅበትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ከመግባታችን በፊት በሩ ላይ ተናገርኩ። "ቀጭን ድምፅ አልሰማም። የሰማችሁ ወደ ድምፁ ጠቁሙ፤ ወፏን እኔ አገኛታለሁ።" ፊቴ ነደደ። አንዲት እናት "የኔም ዓይን ለግሟል ልጄ፣ ተገናኘን" አሉ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ተነፈስኩ።

ሌላ ጊዜ ወሬያቸው ወፍ ያባርራል። ዛሬ ጫካው ውስጥ ያወራ የለም፣ ሁሉም ያዳምጣል። ትልቁ ዛፍ ጋ እጆች ባንዴ ተቀሰሩ፣ የአለቃም ጭምር። መርፌ ከፍ ብላ አትቀመጥም፤ ሰው ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ይፈልጋታል። ዝቅ አልኩ… ያቻት! ምንቃሯ ተከፍቷል፣ ጉሮሮዋ ይርገበገባል። ለእኔ ድምፅ የላትም። ቢሆንም ደስ አለኝ፣ አገኘኋታ!

የሩቅ ማያ መነጽሬን ለአለቃ ሰጠሁት። ወደ ጠቆምኩት አነጣጠረ።

"ይህን ሁሉ ዓመት ከቢሮዬ መስኮት ስሰማት… አንድ ቀን አይቻት አላውቅም" አለ።

እንግዶቹ ተራ እንዲይዙ በእጄ ጠራኋቸው።

"ሰኞም የምትወጪው አንቺው ነሽ" አለኝ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ።